ትራስ ላይ የተገኘ

ትራስ ላይ የተገኘ ገንዘብ የአልጋ አንጣፊዋ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ፣ ወለል ላይ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ሌላው ቀርቶ እዚያው አልጋ መሐል የተገኘ ግን የእንግዳው ነውና አይነካም። ይህን ሕግ በወረቀት ያሰፈረው ሰው የለም። ቢሆንም በሳኑር የባሕር ዳርቻ ባለችው በዚያች ባለ አርባ ክፍል ሆቴል ውስጥ ከተጻፈው ደንብ ሁሉ ይልቅ የሚከበረው እርሱ ነበር። አዲስ ሴት በተቀጠረች ቁጥር ከአንሶላ አወጣጠር አስቀድማ የምትማረው ይህንኑ ነው፤ አስተማሪዋም ሱከርቲ ነበረች።

ሱከርቲ በሆቴሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግላለች። በነዚህ ዓመታት የሰውን ጠባይ ከፊቱ ይልቅ ከትራሱ ማንበብ ለምዳለች። በመጨረሻው ቀን ብቻ የሚያስቀምጥ አለ፤ ያን ጊዜ ጉርሻው የሚደርሰው ሳምንቱን ሙሉ ለደከመችው ሳይሆን በዕለቱ ተራ ለገባችው ነው። ኪሱ የከበደውን ሳንቲም አራግፎ የሚሄድ አለ። አንዲት ሩፒያ ሳያስቀምጥ አልጋውን ራሱ አንጥፎ፣ ፎጣውን አጥፎ የሚሄድም አለ፤ ሱከርቲ እንዲህ ያለውን እንግዳ አትቀየምም ነበር። የምትቀየመው ባልደረባዋ ራትሚኒ ናት።

«የኔው ደግሞ ዛሬም የብስኩት ፍርፋሪ አውርሶኝ ሄደ» ትላለች ራትሚኒ ጋሪዋን እየገፋች። «የአሥር ዓመቱን ሰብስቤ ቢሆን ኖሮ ይኸኔ ዳቦ ቤት ከፍቼበታለሁ።»

ክፍል አሥራ አራት ግን የተለየ ነበር። ከጎረቤቷ ደሴት ከጃቫ፣ ከማላንግ ከተማ፣ በየዓመቱ ከጾም ፍቺው በዓል በኋላ ጋሼ ዳርሶኖና ባለቤታቸው እትዬ ውርያኒ ለሰባት ቀን እየመጡ ያርፉበታል። ጋሼ ዳርሶኖ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለምድር ባቡር የሐዲድ ካርታ ሲነድፉ ኖረው በጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ከቁርስ በፊት ሃያ ሺህ ሩፒያ በትንሽ ወረቀት ጠቅልለው ትራሳቸው ላይ ያኖራሉ። ወረቀቱ ላይ ሁልጊዜ አንድ መስመር፣ ቢበዛ ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ፤ ፊደሉ እንደ ሐዲዱ ቀጥ ያለ፣ ደቃቅ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው።

«ለሱከርቲ፦ ትናንት አሸዋ ይዤብሽ ገባሁ፤ ጥፋቱ የእግሬ ነው።»

«ለሱከርቲ፦ የትራሱ ልብስ ፀሐይ ፀሐይ ይላል። እናቴም ደጅ ነበር የምታሰጣው።»

ሱከርቲ አንብባ ፈገግ ትላለች። ገንዘቡን ከሽርጧ ኪስ፣ ወረቀቱን ከጋሪው የቆሻሻ ከረጢት ትከታለች። ማን ያስቀምጠዋል? ነገ ሌላ ይጽፋሉ፤ ለከርሞም ይመጣሉ።

ባለፈው ዓመት በሰባተኛው ቀን ጠዋት ግን አንድ ነገር ሆነ። ሱከርቲ ጋሪዋን ይዛ ከክፍሉ በር ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ልታንኳኳ እጇን እንዳነሳች የእትዬ ውርያኒን ድምፅ ሰማች።

«ደመወዝ የላቸውም እንዴ? እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጬ ማኅተም ስመታ ማን ነው ትራሴ ላይ ሃያ ሺህ ያስቀመጠልኝ?»

«ትራስሽ ላይ እኔ ነበርኩ። አነስኩሽ?»

«አትቀልድብኝ! ስድስት ቀን ሰጠህ፤ ይበቃል። ለሰው በየቀኑ ከሰጠኸው ዓይንህን ማየት ይተውና እጅህን ማየት ይጀምራል። ያቺ ሴት ጨዋ ናት። ለምን ታበላሻታለህ?»



«እሺ» አሉ ጋሼ ዳርሶኖ። «እሺ፣ ይሁን።»

ሱከርቲ ጋሪዋን ድምፅ ሳታሰማ ወደ ኋላ ጎትታ ከሌላ ክፍል ጀመረች። በኋላ ስትመለስ ትራሱ ባዶ ነበር። ያዘነችው ለገንዘቡ አልነበረም። ያች አንዲት ቃል ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረች፤ ዓመቱን ሙሉ አልወርድ አለቻት። እውነት እኔ የሰው እጅ አያለሁ? እያለች ራሷን ስትመረምር ከረመች።

ዘንድሮ እትዬ ውርያኒ ብቻቸውን መጡ።

ሱከርቲ ፎጣ ይዛ ስትገባ ሴትዮዋ ሻንጣቸውን ሳይከፍቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ከስተዋል፤ ሻሻቸው ከፊታቸው ሰፍቶ ይታያል።

«እንኳን ደኅና መጡ፣ እትዬ። ጋሼስ? ታች ናቸው?»

«ጋሼሽ የለም። በዝናቡ ወራት አረፈ።»



«እኔን! ምን አገኛቸው?»

«ልቡ ነው አሉ። ሻይ ቀርቦለት ስኳሩን እያማሰለ ነበር። ምን ሆንክ፣ ቶሎ ጠጣው እንጂ ይበርዳል ስለው ማንኪያው እጁ ላይ ቀርቷል።»

 ሱከርቲ ፎጣውን አኑራ ወጣች።

አምስት ቀን ትራሱ ባዶ ሆኖ አለፈ። ሱከርቲ ይህን የጠበቀችው ነበርና ነገሩን ከምንም አልቆጠረችው። ይልቁንም አልጋውን በሁለት ሰው ልክ ስታነጥፍ ሁለተኛውን ትራስ ታንሳው ወይስ ትተወው ማወቅ አቅቷት በየጠዋቱ ትቸገር ነበር። በየጠዋቱም ተወችው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። እትዬ ውርያኒ ቁርስ በልተው ወደ ባሕሩ ወርደዋል። ሱከርቲ መጋረጃውን ገልጣ ወደ አልጋው ዘወር ስትል በመስኮቱ በኩል ባለው ትራስ ላይ፣ ራስ ያረፈበት ጎድጎድ ባለው ቦታ፣ ትንሽ ጥቅል አየች። ገና ሳትነካው የማን እንደሆነ አወቀችው። የዚያ አስተጣጠፍ ሌላ ባለቤት የለውም።

ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሳስቷል፤ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ነገር እንደሚሆነው ጨርቅ ጨርቅ ይላል። ውስጡ ሃያ ሺህ ሩፒያ አለ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«ለሱከርቲ፦ ዛሬ እንሄዳለን። ለከርሞ ካደረሰን ደግሞ አሸዋ ይዤብሽ እመጣለሁ።»

ሱከርቲ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠላት፤ የተገለጠላት መሰላት ማለቱ ይሻላል። ይህ የአምናው የሰባተኛ ቀን ወረቀት ነው። ጋሼ ዳርሶኖ በዚያ ጠዋት ጽፈው፣ ጠቅልለው፣ ሊያስቀምጡ ሲሉ ባለቤታቸው ከልክለዋቸው ኪሳቸው የከተቱት ነው። እነሆ ሴትዮዋ ከሙት ኪስ አግኝተው፣ ባሕር አቋርጠው፣ አምስት ቀን አመንትተው፣ በስድስተኛው ቀን ለባለቤቱ አደረሱት። የተገኘውም ትራስ ላይ ነው። ትራስ ላይ የተገኘ ደግሞ…

ወረቀቱን ግንባሯ ላይ አስነካችና ከሽርጧ ኪስ ከተተችው። ዓመት የቆየችው አጥንት ከጉሮሮዋ ወረደች። በዕንባ የራሰ ፊቷን በአሮጌው የትራስ ልብስ ጠርጋ አዲሱን አለበሰች።

በእኩለ ቀን በዚያው በኩል ስታልፍ የክፍል አሥራ አራት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንሶላው ተገፎ ወለል ላይ ወድቋል፤ ትራሶቹ ልብሳቸው ወልቋል፤ እትዬ ውርያኒ በጉልበታቸው ተንበርክከው አልጋው ሥር ይዳብሳሉ።

«እትዬ! ምን ጠፋብዎ?»

ሴትዮዋ ቀና አሉ። ሱከርቲን አይተው አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት። ፊታቸው ላይ በኋላ ሱከርቲ ደጋግማ የምታስታውሰው እፍረት ፈሰሰ።

«ምንም። ምንም አይደለም። መነጽሬን ነው።»

«ይነሱ፣ ይነሱ፣ እኔ እፈልገዋለሁ!» ብላ ሱከርቲ ተንበረከከች። ደረቷን ወለሉ ላይ አስተኝታ አልጋው ሥር ገባች፤ የሽርጧ ኪስ፣ ወረቀቱ በውስጡ እንዳለ፣ ከበታቿ ተጨፍልቋል። ጥግ ጥጉን ዳሰሰች፤ ቁም ሳጥኑን አስጠግታ ከኋላው አየች። ድንገት ቀና ስትል መነጽሩ ከሴትዮዋ አንገት ላይ በክር ተንጠልጥሎ ታያት።

«እትዬ፣ አንገትዎ ላይ አይደለም እንዴ!»

እትዬ ውርያኒ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደው መነጽሩን ነኩ።

«አዎን» አሉ። «ለካ እዚህ ነው።»

ሱከርቲ ሳቀች። ሴትዮዋም አብረዋት ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሱከርቲ ከሥራ ከመውጣቷ በፊት ወረቀቱን በልብስ መቀየሪያው ክፍል ለራትሚኒ አሳየቻት። ራትሚኒ ቀልደኛ ብትሆንም ይህን አንብባ አልቀለደችም።

«በዚህማ ሩዝና ዘይት አትገዢበትም» አለች በመጨረሻ።

«ምን ላድርገው?»

«እኔ እንጃ። ለራሳቸው መልሽላቸው እንጂ።»

ለራሳቸው መመለስ ማለት ለሱከርቲ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። በእርሷ አገርና እምነት ሙታን ተቃጥለው አመዳቸው የሚሸኘው በባሕር በኩል ነው፤ የአባቷንም የእናቷንም አመድ ተሸክማ የሄደችው ወደዚሁ ዳርቻ ነበር። ለሚሸኙት ሰው የሚላከው መሥዋዕትም ያለ ገንዘብ አይሄድም። ስለዚህ በአሥር ሰዓት፣ ባሕሩ መሸሽ ሲጀምር፣ የኮኮናት ቅጠል ጎንጉና ትንሽ ሳህን ሠራች። አበባ፣ ጥቂት ሩዝ፣ ከሆቴሉ ደጅ የዘገነችውንም አሸዋ ጨመረችበት፤ አሸዋ ለወዳጅነታቸው ነው። ከሁሉ በላይ ወረቀቱን ከነገንዘቡ፣ እርሳቸው እንዳጠፉት አድርጋ አጥፋ አኖረች። እስከ ጉልበቷ ገብታ ለቀቀችው። ሳህኑ ጥቂት ከዋለለ በኋላ ማዕበሉ ተቀበለው፤ እየራቀ፣ እያነሰ፣ ከዓይኗ ጠፋ።

«አሸዋውን እኔ ይዤልዎ መጣሁ፣ ጋሼ» አለች።

በዚያ ምሽት ቤቷ ስትገባ ከብዙ ጊዜ በኋላ ልቧ ቀሏት ነበር።

በማግሥቱ፣ እትዬ ውርያኒ በሚሄዱበት ቀን፣ ሱከርቲ ጋሪዋን ስትገፋ ሴትዮዋ በራቸው ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ሲጠብቋት እንደ ነበር ያስታውቃሉ።

«ነይ ግቢ፣ ልጄ። በሩን ዝጊው።»

ዘጋችው።

«ትናንት ትራሴ ላይ አንድ ነገር አግኝተሽ ነበር?»

«አዎን፣ እትዬ» አለች ሱከርቲ፤ እንዲያውም ልታመሰግን እጆቿን አጋጠመች። «ዛሬ ሳይሄዱ ልነግርዎ ነበር። እግዜር…»

«የት አለ?»

የሴትዮዋ ድምፅ ቁጣ አልነበረበትም። ሱከርቲ ግን ያጋጠመቻቸውን እጆቿን አወረደች።

«እትዬ… ለኔ ያስቀመጡት አልነበረም?»

እትዬ ውርያኒ አልጋው ላይ ተቀመጡ።

«ያንቺ ነው። ስምሽ አለበት፤ ማንበብ እችላለሁ። ኮቱን ለነዳያን ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ ነው ያገኘሁት። ልሰጥሽ ነው ያመጣሁት፤ አላህ ምስክሬ ነው። ማታ ማታ ‹ነገ እሰጣታለሁ› እላለሁ። ሲነጋ አልችልም። ትናንት ደግሞ… ጉንጬ ሥር አድርጌው ተኝቼ ነበር። ስነሣ ረሳሁት። እንዲያው ረሳሁት!»

«ታዲያ በእኩለ ቀን፣ አልጋው ሥር…»

«ምን ብዬ ልጠይቅሽ? የራስሽን ገንዘብ መልሺልኝ ልበልሽ? አንድ ጊዜ ከልክዬሻለሁ። ሁለተኛ ልከልክልሽ? ሌሊቱን ሙሉ ስሟገት አደርኩ፤ ገንዘቡ ለሷ ወረቀቱ ለኔ ይሁን ብዬ ልለምንሽ ነው የቆምኩት። ወረቀቱን ብቻ ስጪኝ።»

ሱከርቲ ነገረቻቸው። ሳህኑን፣ አሸዋውን፣ የሸሸውን ባሕር፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ቃሉ ከአፏ በወጣ ቁጥር በእኩለ ቀን ወረቀቱ ከኪሷ፣ እርሷም ከእግራቸው ሥር እንደነበረች ታስታውሳለች።

ሴትዮዋ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ።

«ባሕር» አሉ በመጨረሻ። «ዳርሶኖን በአፈር ነው የሸኘሁት። ፊቱን ወደ ቂብላ መልሰን፣ ዱአ አድርገን፣ አፈር አልብሰን። ባሕር ምን ቤት ነው? እዚያ ማን አለውና ነው የላክሽለት?»

«እኔ የማውቀው መንገድ እሱ ብቻ ነው፣ እትዬ።»

በዚህ መካከል የክፍሎቹ ኃላፊ አቶ ሱዲያርሳ የለቅሶ ድምፅ ሰምተው ኖሮ በሩን አንኳኩተው ገቡ። ጉዳዩን በጥቂቱ ከሰሙ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እትዬ፣ በጣም እናዝናለን። ነገር ግን ዕቃው የተገኘው ትራስ ላይ ከሆነ… በቤታችን ልማድ መሠረት ሠራተኛዋ ጥፋት…»

«ልማዳችሁን አውቀዋለሁ» አሏቸው እትዬ ውርያኒ። «ባሌ ነው ያስተማረኝ።»

ሰውዬው እጅ ነሥተው ወጡ። ሱከርቲ ጥፋተኛ ሆና ብትባረር ይቀላት እንደ ነበር የተረዳችው ያን ጊዜ ነው። ሕጉ ከእርሷ ጋር ቆሟል፤ ከሴትዮዋ ጋር የቆመ ማንም የለም።

«ሌሎቹስ?» አሉ ሴትዮዋ በድንገት ቀና ብለው። «ስንት ዓመት ሙሉ ጽፎልሻል። ከዚያ ሁሉ አንድ አታጪም።»

ሱከርቲ አንገቷን ደፋች።

«ጣልኳቸው፣ እትዬ።»

«ሁሉንም?»

«ሁልጊዜ የሚጽፉ መስሎኝ።»

እትዬ ውርያኒ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህን ስሕተት ከማንም ይልቅ የሚያውቁት ይመስላሉ።

«ለኔ አንድም ቀን ጽፎልኝ አያውቅም» አሉ። «አብራው ለምትኖር ሴት ምን ይጽፋል? ቤቴ ሙሉ የሐዲድ ካርታ ነው። ካርታ ውስጥ ሰው የለም።»

መኪናው የሚመጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሱከርቲ ከራትሚኒ ጋር ተራ ተለዋውጣ ወደ ባሕሩ ሮጠች። ውሃው ሸሽቶ ድንጋዩን አራቁቶታል፤ ባሕሩ የመለሳቸው የሰው ሁሉ ሳህኖች በአረሙ መካከል ተዘርተዋል። እየገለበጠች አንድ በአንድ አየች። የጠወለገ አበባ፣ የረጠበ ሩዝ፣ የሌላ ሰው ሳንቲም። የእርሷ አልነበረም። ባሕሩ የማይፈልገውን ሁሉ መልሶ የሚፈልገውን አስቀርቷል።

ተመልሳ የልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሳጥኗን ከፈተች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮተት፦ አሮጌ ሽርጥ፣ መርፌና ክር፣ ነጠላ ጫማ። ሁሉንም አወጣች። በንዴት የሳጥኑን በር ስታላጋው ከውስጡ የተሰቀለችው ትንሽ መስታወት ተንቀጠቀጠች፤ ከኋላዋም አንዲት የታጠፈች ወረቀት ተንሸራታ ወደቀች። መስታወቷ እንዳትንኳኳ ሱከርቲ ራሷ የሸጎጠቻት ናት። መቼ እንደ ሆነ እንኳ በቅጡ አታስታውስም፤ ስድስት ዓመት ሳይሆን አይቀርም።

ከፈተችው። ያ ቀጥ ያለ ፊደል ነው።

«ለሱከርቲ፦ ይህ የሁለት ቀን ነው፤ ትናንት አልተመቸኝም።
ባለቤቴ ሳታይ ቶሎ አንሺው።»

ራትሚኒ በትከሻዋ ላይ ተንጠራርታ አነበበች።

«ኧረ ጉድ!» አለች። «ይህንማ አትሰጫትም።»

«ሌላ የለኝም።»

«አይኑርሽ! ባሏን አንድ ጊዜ ቀብራለች፤ ደግመሽ ልታስቀብሪያት ነው? ‹ባለቤቴ ሳታይ›! ሰውዬው እኮ ሚስቱን እንደ ዘበኛ ነው የሚሸሻት።»

«እጃቸው ነው፣ ራትሚኒ።»

«እንግዲያውስ ቁረጪው። ይኸው መቀስ። የላይኛውን መስመር ስጫት፤ የታችኛውን ብዪው ከፈለግሽ።»

ሱከርቲ መቀሱን ተቀበለች። ወረቀቷን በሁለቱ ምላጮች መካከል፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል አስገባች። ቆይታ ሰውየውን አሰበች፤ ጎንበስ ብለው፣ ከመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ድምፅ እስኪሰማ ጠብቀው፣ በዚያ በረጋ እጃቸው ይህን ሲጽፉ። እየፈሩ ነበር? እየሳቁ? ፊደሉ አይናገርም። የመጀመሪያው መስመር ብቻውን የቀረ እንደሆነ የማንም አሳቢ እንግዳ ቃል ይሆናል። ሁለተኛው ግን የዳርሶኖ ነው፤ ሚስቱ ያሉበት ዳርሶኖ። ሴትዮዋ የለመኑት ወረቀት ሳይሆን ሰውየውን አይደለም ወይ? ከእርሳቸው ቆርጦ የማስቀረት መብት ማን ሰጣት? ትናንት እርሷ ስለ ሌላው ወስና ያደረገችው አይበቃም?

መቀሱን መለሰች።

እጅ በእጅ ለመስጠት ግን ድፍረት አላገኘችም። ሴትዮዋ ሒሳብ ለመዝጋት ወደ እንግዳ መቀበያው ሲወርዱ ጠብቃ ገባች። ወረቀቷን በመስኮቱ በኩል ባለው ትራስ ላይ አኖረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከትራስ ላይ ብዙ አንሥታለች፤ ትራስ ላይ ስታኖር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ወጥታ በመተላለፊያው መጨረሻ፣ ከተቆለሉት ፎጣዎች አጠገብ ቆመች።

እትዬ ውርያኒ ደረጃውን ወጡ፤ ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። በውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም። ልቅሶ ብትሰማ ሮጣ ትገባ ነበር። ሱከርቲ ያንኑ አንድ ፎጣ አጥፋ፣ ፈትታ፣ መልሳ አጠፈች።

በሩ ሲከፈት ሴትዮዋ ሻንጣቸውን ራሳቸው እየጎተቱ ነበር። አጠገቧ ሲደርሱ ቆሙ። ዓይናቸው ደርቋል።

«መቼ ነው የጻፈው?»

«ስድስት ዓመት ይሆነዋል፣ እትዬ።»

«ስድስት ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ አብሬው ቁርስ በላሁ። አንድ ቀን አልነገረኝም።» ቀጥለውም ጠየቁ፦ «ይህን ያህል እፈራ ነበር?»

«አይደለም፣ እትዬ። ጋሼ እኮ ቀልደኛ ነበሩ። እየሳቁ ይሆናል የጻፉት።»

«ሲጽፍ አይተሽዋል?»

ሱከርቲ መዋሸት ፈለገች። ሴትዮዋ ዓይን ዓይኗን ያዩ ነበር፤ እርሷም ዓይናቸውን እንጂ ሌላ አላየችም።

«አላየሁም» አለች።

«እኔም አላየሁትም» አሉ እትዬ ውርያኒ። እጃቸውን አንሥተው የሱከርቲን ጉንጭ ነካ አደረጉ፤ ወይም ሊነኩ አስበው አየሩን ነኩ። ከዚያ ሻንጣውን እየጎተቱ ወረዱ። ጎማው በየደረጃው ሲንኳኳ፣ ቀጥሎም የመኪናው በር ሲዘጋ ተሰማ።

ሱከርቲ ጋሪዋን ይዛ ወደ ክፍል አሥራ አራት ገባች። መስኮቱ ተከፍቷል። አልጋው ተነጥፏል፤ ሴትዮዋ ራሳቸው አንጥፈውታል፤ ፎጣውም ታጥፎ ተቀምጧል። በመስኮቱ በኩል ያለው ትራስ ላይ ያች ወረቀት አለች፤ ሃያ ሺህ ሩፒያ ተጠቅልሎባታል። አጠቃለሉ እንደ ሰውየው አልሆነም፤ ጠርዙ ተዛንፏል፣ ማዕዘኑ አልገጠመም።

ሱከርቲ ከፈተችው። ከሁለቱ ቀጥ ያሉ መስመሮች በታች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ማኅተም በመታ እጅ፣ ትልልቅና የተንጋደደ ጽሑፍ ተጨምሮበታል፦

«አየሁት። ይህኛው ያንቺ ነው። የኔው ባሕር ገብቷል።»

ወደ መስኮቱ ሮጠች። መኪናው ከአጥሩ ማዶ ታጥፎ ሄዷል፤ የቀረው የተነሣው አቧራ ብቻ ነው።

ትራስ ላይ የተገኘ የአልጋ አንጣፊዋ ነው። ይህን ለስንት ሴት አስተምራለች። ወረቀቷን እንደነበረች ጠቅልላ ወደ ትራሱ ጎድጓዳ ቦታ መለሰቻት፤ አንሶላውንም አልገፈፈችም። ራትሚኒ ከመተላለፊያው «አለቀልሽ?» እያለች ትጣራለች። ሱከርቲ ግን ለሠራተኛ ፈጽሞ ያልተፈቀደውን አደረገች፤ በእንግዳ አልጋ ላይ፣ በሌላኛው ትራስ በኩል፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።